በኤሌክትሪክ ጋሪ ላይ የፀሐይ ሙሌት ስለ መጨመር፤ የስያሜ ማብራሪያ

ለእርሻ ሥራ በሚያገለግል የኤሌክትሪክ ጋሪ ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ሰቅሎ ባትሪውን በፀሐይ ብርሃን መሙላት ዛሬ ለአንድ ልምድ ላለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከባድ ሥራ አይደለም። ሥራውን በአማርኛ ጽፎ ለማስረዳት የተነሣ ሰው ግን ገና ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ይቸገራል። የሚያስቸግረውም የቃል ማጣት ብቻ እንዳይመስለን። አንዱ ቃል ሦስት ነገር ተሸክሞ ይገኛል፤ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች በአንድ ስም ይጠራሉ፤ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ትርጉም የተሰጠው ቃል በገበሬው አፍ ተቃራኒውን ይናገራል። በሌላ የዕውቀት ዘርፍ እንዲህ ያለ መደበላለቅ ክርክር ያስነሣ ይሆናል እንጂ ጉዳት አያደርስም። እዚህ ግን ቃሉን ሰምቶ ሽቦ የሚያገናኝ እጅ አለ። በዚህ ጽሑፍ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉትን ቃላት ከሥራው ሂደት ጋር እያያዝን እንመረምራለን፤ በአንዳንዶቹም ላይ የራሳችንን ምርጫ እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ስለ ዕቃው ስም እንናገር። በአሜሪካ በትንንሽ እርሻዎች ላይ በብዛት የሚታየው ይህ ተሽከርካሪ መነሻው የጎልፍ መጫወቻ ሜዳ ነው። ተጫዋቾችን ሲያመላልስ ቆይቶ ያረጀው ባለአራት ጎማ በርካሽ ዋጋ ይሸጣል፤ ገበሬውም ገዝቶ የኋላ መቀመጫውን ያነሣና የጭነት ሣጥን ያስርበታል። ድርቆሽ፣ መኖ፣ የውሃ በርሜልና የአጥር እንጨት ያመላልስበታል። ድምፅ ስለሌለው ከብት አያስበረግግም፤ ጢስ ስለሌለውም በጋጣና በዶሮ ቤት ውስጥ ያለ ሥጋት ይገባል። በእኛ አገር ለእርሻ የሚሆነው ዓይነት ገና ብዙ ባይታይም፣ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ቃላት በየጋራዡ በፍጥነት እየተባዙ ስለሆነ ጉዳዩ የሩቅ አይደለም።

ለዚህ ተሽከርካሪ «ሠረገላ» የሚል ስም የሚያቀርቡ አሉ። ቃሉ ክቡር ነው፤ ነገር ግን ሰሚውን ወደ መጽሐፍ ቅዱስና ወደ ነገሥታት ታሪክ እንጂ ወደ ድርቆሽ ክምር አይወስደውም። «ጋሪ» የተሻለ ነው። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች በፈረስ የሚጎተተውን ሁሉም ያውቀዋል፤ በሰው የሚገፋውም «የእጅ ጋሪ» ይባላል። እንግዲህ በፈረስ የሚጎተት ጋሪና በእጅ የሚገፋ ጋሪ ካለ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ጋሪ ቢኖር ቋንቋው አይገረምም። ቃሉ በህንዲ ተሽከርካሪን ከሚያመለክተው «ጋሪ» ጋር አንድ ነው። ባለሦስት ጎማውን ከሠሪው ኩባንያ ስም ወስደን «ባጃጅ» ማለታችን ሲታሰብ የቀላል ተሽከርካሪ ስም ከህንድ መውሰድ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

ሰሌዳ፣ ባትሪና መሰሎቹ

ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ጠፍጣፋ ዕቃ ባለሙያው «ፓኔል» ወይም «ሶላር ፓኔል» ይለዋል። የገጠሩ ሕዝብ ደግሞ «ሶላር» ብሎ ሲጠራ ሰሌዳውን ብቻ ሳይሆን አብሮት የሚመጣውን መብራት፣ ባትሪና የስልክ መሙያ ጭምር ማለቱ ነው። «ሶላር ገዛሁ» ያለ ሰው ሙሉ ዕቃውን ገዝቷል። ስለዚህ «ሶላር» ለጠቅላላው ስም ሆኖ ይኑር፤ አካሉን ለብቻው ስንጠራ «የፀሐይ ሰሌዳ» እንበል። «ሰሌዳ» በትምህርት ቤትና በመኪና ቁጥር ላይ የታወቀ፣ ጠፍጣፋነትን የሚናገር ቃል ነው። ሆኖም «ፓኔል» የሚለውን ከሠራተኛው አፍ ለመንጠቅ መድከም አያስፈልግም፤ ማንንም አያሳስትምና።

«ባትሪ» ግን ጥቂት ጥንቃቄ ይሻል። በብዙ ቤት «ባትሪ» ማለት የእጅ መብራት ነው፤ ውስጡ የሚገባው «የባትሪ ድንጋይ» ይባላል። ድንጋይ ሲያልቅ ይጣላል እንጂ አይሞላም። ከዚህ ልማድ የመጣ ሰው የጋሪውን ባትሪ እንደ ድንጋይ አሟጦ ለመጠቀም ቢያስብ አይፈረድበትም። የጋሪው ባትሪ የመኪና ባትሪ ዘመድ ነው፤ ይሁን እንጂ የመኪናው ሞተር ለማስነሣት ለአጭር ጊዜ ብዙ ፍሰት እንዲሰጥ ሲሠራ፣ የጋሪው ለረጅም ሰዓት በዝግታ እንዲሰጥ በወፍራም የእርሳስ ዝርግ የተሠራ ነው። የመጀመሪያውን «አስነሺ ባትሪ»፣ ሁለተኛውን «ጎታች ባትሪ» ብንላቸው ልዩነቱ በስሙ ላይ ይነበባል። ጋሪ በአስነሺ ባትሪ ቢሠራ ባትሪው ብዙ ሳይቆይ ይበላሻል።

«ኮረንቲ» ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ሲሆን መነሻው ፍሰት ማለት ነው። በአማርኛ ግን በግድግዳ ውስጥ የሚመጣውን የመብራት መስመርና «ኮረንቲ ያዘው» የሚባለውን አደጋ ወደ ማመልከት አዘንብሏል። ስለሆነም በአምፔር የሚለካውን «ፍሰት» ብለን፣ ኮረንቲን ለተለመደ አገልግሎቱ ብንተወው ይሻላል። ቮልት፣ አምፔርና ዋት የሰዎች ስም ናቸው፤ አይተረጎሙም።

ኃይልና «በ»

አሁን ወደ ዋናው ችግር ደርሰናል። በአማርኛ የፊዚክስ ጽሑፎች «ጉልበት»፣ «አቅም»ና «ኃይል» እየተለዋወጡ ሦስቱንም መሠረታዊ ጽንሰ ሐሳቦች ሲያገለግሉ ኖረዋል፤ አንዱ ጸሐፊ «ጉልበት» ያለውን ሌላው «ኃይል» ይለዋል። ዕለታዊው አማርኛ ደግሞ ሁሉንም «ኃይል» ብሎ ይጠቀልለዋል። ጋሪ የሚያሠራ ገበሬ ግን ሁለቱን ነገሮች ሳይለይ ዕቃ ሊገዛ አይችልም፤ አንደኛው በአንድ ቅጽበት የሚሰጠው መጠን፣ ሁለተኛው በጊዜ ብዛት የተጠራቀመው መጠን ነው። ከምንጭ የሚወርደው ውሃ በደቂቃ ስንት ሊትር ነው የሚለውና እንስራው ስንት ሊትር ይይዛል የሚለው አንድ ጥያቄ እንዳልሆነ ሁሉ፣ ዋትና ዋት-ሰዓትም አንድ አይደሉም።

ለመጀመሪያው «ኃይል» የሚለውን ለይተን እንድንይዝ እንመክራለን፤ ዋት የኃይል መለኪያ ይሁን። ለሁለተኛው፣ ከልማዳችን ወጥተን፣ «ኢነርጂ» የሚለውን የውሰት ቃል መርጠናል። ምክንያታችን ግልጽ ነው። ያሉን ሦስት አገርኛ ቃላት ሁሉ ቀድሞ ለሌላው ሲያገለግሉ የቆዩ ስለሆኑ ከእነርሱ አንዱን አንሥተን «ከዛሬ ጀምሮ ይህ ብቻ ነህ» ብንለው አንባቢው አይታዘዘንም። ኢነርጂ ደግሞ በጋዜጣና በመሥሪያ ቤት ስም ከገባ ቆይቷል። «አቅም» ሳይባክን ይቅር፤ ባትሪው ሙሉ ሲሆን የሚይዘው የኢነርጂ ብዛት የባትሪው አቅም ይባል።

ከስሙ ይልቅ የሚያሳስበን አንዲት ፊደል ናት። በየመገናኛ ብዙኃኑ «ኪሎ ዋት በሰዓት» ሲባል እንሰማለን። በአማርኛ «60 ኪሎ ሜትር በሰዓት» ስንል በእያንዳንዱ ሰዓት ማለታችን ነው፤ «በ» እዚህ ላይ ማካፈልን ታመለክታለች። ኢነርጂ ግን ኃይል ለጊዜ ተካፍሎ የሚገኝ ሳይሆን በጊዜ ተባዝቶ የሚገኝ ነው። «3 በ4 ሜትር» ስንል «በ» ማባዛትን ታመለክታለች የሚል መከራከሪያ ሊነሣ ይችላል፤ እውነት ነው፣ ነገር ግን ሰዓት የሚለው ቃል ሲከተላት ሰሚው ወደ ፍጥነት እንደሚሄድ የታወቀ ነው። ስለዚህ «በ»ን አውጥተን «ዋት-ሰዓት»፣ «ኪሎ ዋት-ሰዓት»፣ «አምፔር-ሰዓት» ብለን በጭረት እንድንጽፍ አጥብቀን እናሳስባለን።

ይህች ፊደል ምን ያህል እንደምታሳስት በቁጥር እንይ። ስድስት ባለ 8 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ተያይዘው 48 ቮልት የሚሰጡ፣ እያንዳንዳቸውም 170 አምፔር-ሰዓት የሚይዙ ናቸው እንበል። የስብስቡ አቅም 48 ሲባዛ በ170፣ ማለት 8,160 ዋት-ሰዓት ነው። የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዲረዝም ከአቅሙ ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣልና በየዕለቱ ልንጠቀምበት የሚገባው 4,080 ዋት-ሰዓት ያህል ነው። በጋሪው ጣሪያ ላይ ባለ 350 ዋት ሰሌዳ እንስቀል፤ ስፋቱ 1.75 በ1.05 ሜትር ገደማ ስለሆነ ጣሪያው በደንብ ከተጠናከረ ይችለዋል። «350 ዋት በሰዓት» ብሎ የተረዳው ገዥ ፀሐይ ለ12 ሰዓት ስለምትታይ 4,200 ያገኘ ይመስለውና ጋሪው በየዕለቱ ከፀሐይ ብቻ እንደሚሞላ አምኖ የግድግዳውን መሙያ ይሸጣል።

እውነቱ ሌላ ነው። በሰሌዳው ጀርባ የተጻፈው 350 ዋት በቤተ ሙከራ በአንድ ካሬ ሜትር 1,000 ዋት ብርሃን ሲያርፍበት የሚሰጠው ነው። ጠዋትና ማታ ፀሐይ በአግድም ስትመታ የሚገኘው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ባለሙያዎች የቀኑን ብርሃን ሁሉ ጨምቀው በዚያ ሙሉ መጠን ቢቆጠር ስንት ሰዓት ይሆናል ብለው ያሰላሉ። በኢትዮጵያ በአብዛኛው ቦታ የዓመቱ አማካይ ከ5 እስከ 6 ይደርሳል፤ በክረምት ደመና ይቀንሳል። ለዚህ ስሌት «የፀሐይ ሰዓት» የሚለውን ስም አንቀበለውም። በእኛ የሰዓት አቆጣጠር «5 የፀሐይ ሰዓት» የተባለው ሰው ረፋዱን 5 ሰዓት ሊያስብ ይችላል። «ሙሉ-ፀሐይ ሰዓት» ብንለው ግን የቀኑ ርዝመትም የሰዓቱ ቁጥርም አለመሆኑ ይታወቃል። እንግዲህ 350 ዋት ለ5 ሙሉ-ፀሐይ ሰዓት 1,750 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ከዚህ ላይ በሰሌዳው መሞቅ፣ በአቧራ፣ በሽቦና በባትሪው ውስጥ የሚባክነው ሲነሣ 1,250 ያህል ይቀራል። ይህም ከዕለቱ ፍጆታ ከሦስት እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። ጭነት ይዞ በእርሻ መንገድ ላይ በኪሎ ሜትር 100 ዋት-ሰዓት ለሚበላ ጋሪ 12 ኪሎ ሜትር ያስኬደዋል ማለት ነው። በቀን ከ5 እስከ 6 ኪሎ ሜትር ብቻ ለሚንቀሳቀስ ጋሪ ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ለሚመላለስ ግን ድጎማ እንጂ ቀለብ አይሆንም።

በዚሁ አጋጣሚ ሁለት ዓይነት አሠራር እንዳለ ማስታወቅ ይገባል። ሰሌዳው በጋሪው ላይ ከሆነ «ተሸካሚ»፣ በመጠለያው ጣሪያ ላይ ከሆነ «ቋሚ» እንለዋለን። አራት ሰሌዳዎች በመጠለያ ጣሪያ ላይ ቢሰቀሉ 4,900 ዋት-ሰዓት ያህል ስለሚያስገኙ የዕለቱን ፍጆታ ይሸፍናሉ፤ ዳሩ ግን ፀሐይ በምትበረታበት ሰዓት ጋሪው ከመጠለያው ሥር መቆም አለበት፤ ያ ደግሞ ሥራ የሚበዛበት ሰዓት ነው። ተሸካሚው ያነሰ ቢሰጥም ጋሪው በሜዳ ላይ ሲጠብቅ ሁሉ ይሞላል፤ በዛፍ ጥላ ካልቆመ። የሰሌዳው ጥግ ብቻ ጥላ ቢያርፍበት የሚቀንሰው ኃይል ከጥላው ስፋት በብዙ እንደሚበልጥ ተጠቃሚው አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል፤ በውስጡ ያሉት ሕዋሳት በተከታታይ የተያያዙ ናቸውና።

ተከታታይ፣ ትይዩ፣ ጎን ለጎን

ሰሌዳዎችንም ባትሪዎችንም ለማያያዝ ሁለት መንገድ አለ። የአንዱን አዎንታዊ ጫፍ ከሚቀጥለው አሉታዊ ጋር ስናገናኝ ቮልቴጁ ይደመራል፣ ፍሰቱ ያው ይሆናል፤ ይህ «ተከታታይ» ነው፤ በስሙ ላይ ክርክር የለንም። አዎንታዊን ከአዎንታዊ፣ አሉታዊን ከአሉታዊ ስናገናኝ ደግሞ ቮልቴጁ ያው ሆኖ ፍሰቱ ይደመራል። ይህንን ሁለተኛውን ብዙ መጻሕፍት «ትይዩ» ይሉታል፤ ቃሉን ከጂኦሜትሪ ወስደውት ነው። እኛ ግን ለዚህ ሥራ እንዲቀር እንጠይቃለን።

በዕለታዊ አማርኛ «ትይዩ» ማለት ፊት ለፊት፣ አንጻር ለአንጻር ማለት ነው። «ከቤተ ክርስቲያኑ ትይዩ ያለው ቤት» የተባለ ሰው ወደ ማዶ ይመለከታል። ሁለት ባትሪ ጎን ለጎን ሲቀመጥ የአንዱ አዎንታዊ ጫፍ ከሌላው አሉታዊ ጫፍ ጋር ፊት ለፊት እንዲመጣ አድርጎ መደርደር የተለመደ ነው፤ ማያያዣው እንዲያጥር። እንግዲህ «በትይዩ አያይዝ» የሚል መመሪያ ያነበበ ሠራተኛ ፊት ለፊቱ ያለውን ጫፍ ከጫፉ ጋር ቢያገናኝ ለቃሉ ታማኝ ሆኖ ተከታታይ ሠራ ማለት ነው። በሁለቱም ወገን ፊት ለፊት ያለውን ካገናኘ ግን ባትሪዎቹን በቀጥታ አጋጭቶ ሽቦ ያቀልጣል፤ ፊቱንም ሊያቃጥል ይችላል። በጂኦሜትሪው ትርጉምም ቢሆን ትይዩ መስመሮች ፈጽሞ አይገናኙም፤ እነዚህ ሽቦዎች ግን በሁለቱም ጫፍ ይገናኛሉ።

«ጎን ለጎን» ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። ገበሬ ለሆነ አንባቢ የተጠመዱ በሬዎችን ያስታውሰዋል፤ ሁለቱ ራስ ለራስ ሆነው አንዱን ቀንበር ይካፈላሉ፣ ጉልበታቸውም ይደመራል። «ጥማድ» የሚለውን ራሱን ለመውሰድ አስበን ነበር፤ ነገር ግን ጥማድ ሁለትን ብቻ ያሳስባል፣ ደግሞም የመሬት ልክ ሆኖ ስለሚያገለግል ትተነዋል። መመሪያ ሲጻፍ የአያያዙ ስም ብቻውን እንዳይቆም፤ በየጊዜው «አዎንታዊ ከአዎንታዊ» ወይም «አዎንታዊ ከአሉታዊ» ተብሎ ይታከልበት።

በጋሪው ላይ ይህ ልዩነት እንዴት እንደሚወስን ማየት ቀላል ነው። የ48 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ስብስብ ለመሙላት ከ57 እስከ 59 ቮልት ያስፈልገዋል። ባለ 350 ዋቱ ሰሌዳ በሥራ ላይ የሚሰጠው ወደ 34 ቮልት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ብናያይዝ 34 ይቀራል፤ በተለመደው መቆጣጠሪያ በኩል ወደ ባትሪው አንድም ፍሰት አይሄድም። በተከታታይ ብናያይዛቸው 68 ቮልት ይሆኑና ይሞላሉ። ሰሌዳው አንድ ብቻ ከሆነ ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርግ ልዩ መቆጣጠሪያ ግድ ይሆናል።

ትንንሾቹን ሰሌዳዎች በሚመለከት «ባለ 12 ቮልት» የሚለው አጠራርም ያሳስታል። እንዲህ የሚባለው ሰሌዳ በሥራ ላይ 18 ቮልት፣ ምንም ሳይያያዝበት 22 ቮልት ገደማ ይሰጣል። 12 የተባለው ባለ 12 ቮልት ባትሪ ይሞላል ለማለት ነው። እንዲህ ያለውን ቁጥር «ስመ ቮልት» ብለን በመለኪያ ከሚታየው እንለየው።

ሁለት መቆጣጠሪያ በአንድ ጋሪ

ጋሪው ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ «ኮንትሮለር» የሚባል ዕቃ አለው፤ የእግር መርገጫውን ተከትሎ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚመጥን ነው። ከሰሌዳው ጋር የሚመጣውም «ኮንትሮለር» ይባላል። «ኮንትሮለሩ ተቃጥሏል» የተባለ ነጋዴ የትኛውን እንደሚሸጥ አያውቅም። ስለዚህ የፊተኛው «ፍጥነት መቆጣጠሪያ»፣ የኋለኛው «ሙሌት መቆጣጠሪያ» ይባል። «ተቆጣጣሪ» የሚለውን ለሰው እንተወው፤ ለመሣሪያ በ«መ» የሚጀምረው የቃል ቅርጽ ይበቃል። ከግድግዳ ኮረንቲ የሚሞላው ሦስተኛው ዕቃ «መሙያ» ነው፤ «ቻርጀር» ማለትም አያስወቅስም።

የሙሌት መቆጣጠሪያ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሰሌዳውን ከባትሪው ጋር በፍጥነት እያገናኘና እየለያየ የሚሠራ ሲሆን «ከፍቶ ዘጊ» ብለነዋል። ሁለተኛው ሰሌዳው በየትኛው ቮልቴጅ ከፍተኛውን ኃይል እንደሚሰጥ ዘወትር እየፈለገ፣ ያገኘውን ለባትሪው ወደሚስማማ ቮልቴጅ ይለውጣል። ሠራተኞች በእንግሊዝኛ ፊደላት ስም «ኤም-ፒ-ፒ-ቲ» ይሉታል፤ እኛ «ጫፍ ፈላጊ» ብለነዋል። ስሙ ሥራውን ስለሚናገር፣ ሰሌዳው በደመናና በሙቀት ሲለዋወጥ መሣሪያው ምን እንደሚሠራ ለማስረዳት ግማሹን መንገድ ይሄድልናል። ከጫፍ ፈላጊዎቹ ውስጥ ቮልቴጁን ዝቅ የሚያደርገው «ቮልት ቀናሽ»፣ ከፍ የሚያደርገው «ቮልት አሳዳጊ» ይሁን። ከላይ የጠቀስነው ባለ አንድ ሰሌዳ ጋሪ የሚፈልገው የኋለኛውን ነው።

በማያያዝ ጊዜ ቅደም ተከተል አለ፤ መጀመሪያ ባትሪው ከሙሌት መቆጣጠሪያው ጋር፣ ቀጥሎ ሰሌዳው ይያያዛል። ሲፈታ በተቃራኒው ሰሌዳው ይቀድማል። በባትሪው አጠገብም ፊውዝ ይገባል። ሙሌቱ ከስብስቡ የመጀመሪያና የመጨረሻ ጫፍ ላይ መያያዝ አለበት፤ ከመካከል ባሉት ባትሪዎች ላይ ብቻ ቢያያዝ አንዳንዱ ጠግቦ ሌላው ይራባል።

ሞላ፣ ጠገበ፣ ወረደ፣ ሞተ

«ቻርጅ አደረገ» ለሚለው «ሞላ» በቂ ነው፤ ስሙም «ሙሌት»። ሙሌት ግን አንድ ወጥ ድርጊት አይደለም። የእርሳስ ባትሪ በመጀመሪያ የተገኘውን ፍሰት ሁሉ ይቀበላል፤ ከዚያ ቮልቴጁ በአንድ ልክ ላይ ተይዞ ፍሰቱ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ በመጨረሻም ዝቅ ባለ ቮልቴጅ ሙሉነቱ ይጠበቃል። ለእነዚህ ሦስት ደረጃዎች «ዋና ሙሌት»፣ «ማጥገብ» እና «ማቆየት» የሚሉትን መርጠናል። በ48 ቮልቱ ስብስብ ላይ ማጥገብ እስከ 58 ቮልት ገደማ፣ ማቆየት 54 ቮልት ገደማ ነው። «ማጥገብ» የሚለውን የወደድነው «ሞልቷል» እና «ጠግቧል» የተለያዩ መሆናቸውን ሰው ሁሉ ስለሚያውቅ ነው። ዋና ሙሌት ያለቀለት ባትሪ የሞላ ቢመስልም አልጠገበም፤ ሳይጠግብ በየዕለቱ ከተነሣ ውስጡ ያለው የእርሳስ ዝርግ በማይሟሟ ጨው እየተሸፈነ ይሄዳል። በአንድ ሰሌዳ ብቻ የሚሞላ ጋሪ በዚህ በሽታ የሚጠቃ ስለሆነ አልፎ አልፎ በግድግዳ መሙያ ማጥገብ ያስፈልገዋል።

በጋራዥ የሚሰማው «ባትሪው ወርዷል» የሚለው አነጋገር እጅግ የተዋጣ ነው፤ ኢነርጂው ቀነሰ፣ ሊመለስም ይችላል ማለት ነው። ከእርሱ ጋር «ባትሪው ሞቷል» እየተደባለቀ መነገሩ ግን አይበጅም። የሞተ አይነሣም። «ባትሪው ሲሞት ሙላው» የሚል መመሪያ ገበሬውን ባትሪው እስኪሟጠጥ እንዲነዳ ያስተምረዋል፤ በዚህ ሁኔታ የእርሳስ ባትሪ በእርግጥም ይሞታል። «ወረደ» ለሚመለሰው፣ «ሞተ» ለማይመለሰው ይለይ። ከግማሽ በታች የሆነውን ለመጥቀስ «እጅግ ወረደ» ይበቃል። አርፎ የቆየ የ48 ቮልት ስብስብ ሙሉ ሲሆን 51 ቮልት፣ ግማሽ ሲሆን ወደ 49 ቮልት ያሳያል፤ ልዩነቱ ሁለት ቮልት ብቻ ስለሆነ ገበሬው መለኪያ ማንበብ መልመድ አለበት።

ባትሪው ሲጠግብ ውሃው እየተበተነ ሃይድሮጅን የሚባል ተቀጣጣይ ጋዝ ይወጣል፤ ስለዚህ ሣጥኑ አየር የሚያገኝ፣ እሳት የማይቀርበው ይሁን። የጎደለውን ለመሙላት ሰዎች «አሲድ ጨምርበት» ሲሉ ይሰማል። የጎደለው ውሃው ነው፤ አሲዱ ከውስጥ አልወጣም፤ አሲድ ቢጨመር ዝርጉን ይበላዋል። የሚጨመረውን ውሃ «የተጣራ ውሃ» ማለትም አይበቃም፤ ለመጠጥ የተጣራውም እንዲሁ ይባላልና፣ በውስጡ ያለው ማዕድን ባትሪውን ይጎዳል። እኛ «ንጥር ውሃ» እንላለን። ንጥር ቅቤን የሚያውቅ ሁሉ ከባዕድ ነገር ፈጽሞ የተለየ መሆኑን ይረዳል። በዕቃው ላይ «ለባትሪ» ተብሎ ቢታከልበት ደግሞ ማንም አይስትም።

የቀረን የሙሌት መቆጣጠሪያው ላይ የባትሪ ዓይነት መምረጫ አጠገብ የሚለጠፈው ጽሑፍ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የሊቲየም ባትሪዎች በጋሪ ላይ እየበዙ ናቸው። እነዚህ ንጥር ውሃ አይፈልጉም፤ ሳይጠግቡ ቢውሉም አይጎዱም፤ ከአቅማቸውም አብዛኛውን መጠቀም ይቻላል። በአንጻሩ ከዜሮ ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ መሞላት የለባቸውም። ለአንዱ የተመደበው ቮልቴጅ ለሌላው ስለማይስማማ በመምረጫው ላይ የሚጻፈው ቃል ሊያሻማ አይገባም። «እርሳስ» ብቻውን ቢጻፍ መጻፊያውን ያስታውሳል፤ «አሲድ» ብቻውን ቢጻፍ ሰው አሲድ የሚጨመርበት ይመስለዋል። «እርሳስ-አሲድ» እና «ሊቲየም» ተብሎ በትልቁ ይጻፍ፤ በእርሳስ-አሲዱ ወገን ደግሞ ውሃ የሚጨመርበትንና የታሸገውን ለመለየት «ክፍት» እና «ዝግ» ይታከልበት። «ዝግ» በስልክ ልማድ የጠፋ ማለት እንደሚመስል አስበንበታል፤ «የታሸገ» ብንል ይረዝማል፤ ለጊዜው «እሽግ» የሚለውን አማራጭ ጨምረን ሁለቱንም ለሠራተኞች አስተያየት አቅርበናል።